ጠፍቷል የምትለዋ ቃል

በዚያ የአውቶቡስ መናኸሪያ የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ የማስታወቂያ ተናጋሪዋን እውነተኛ ስም አያውቅም። እትዬ ማይክ ነው የሚላት። ከትኬት ቤቱ በላይ በጠባብ የብረት ደረጃ የሚወጣባት አንዲት የመስታወት ክፍል አለች። በውስጧ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክ፣ ከማይኩ ሥር ደግሞ እንደ አሮጌ በር ቅጭ የሚል አንድ ማብሪያ ይገኛል። እዚያ ሆና አውቶቡስ ታስነሣለች፣ የተለያየ ሰው ታገናኛለች፣ የጠፋ ታፈላልጋለች። «ክቡራን መንገደኞች» ስትል በጩኸት ውስጥ የሚነታረክ ተሸካሚ እንኳ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ድምፅዋ ወፍራም አይደለም፣ ቀጭንም አይደለም። ጠዋት ቤት ውስጥ ሰው እንደሚቀሰቅስ ሰው ድምፅ፣ ረጋ ያለና የማያከራክር ነው።

ከቃላት ሁሉ አዘውትራ የምትናገራት «ጠፍቷል» የምትለዋን ነበር። አንድ ጥቁር ቦርሳ ጠፍቷል። አንድ የልጅ ጫማ፣ የግራ እግር፣ ጠፍቷል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ላብ እያጠመቃቸው ደረጃውን ወጥተው «ባለቤቴ ጠፍታለች፤ አስነግሪልኝ» አሏት። አስነገረች። ወዲያው አንዲት አሮጊት ከአንዱ አውቶቡስ መስኮት ብቅ ብለው «እኔማ ወንበሬን ይዤ ተቀምጫለሁ! የጠፋው እሱ ነው በይልኝ!» ብለው ጮኹ። እትዬ ማይክም ሳትስቅ አስተካክላ አስነገረች፤ «ይቅርታ፣ የጠፉት ባልየው ናቸው።»

የእሷ ባል እንኳ የሚጠፋ ዓይነት አይደለም። ከመናኸሪያው የኋላ ግድግዳ ሥር ቁጭ ብሎ የአውቶቡስ ወንበር ይጠግናል፤ የተቀደደውን ቆዳ ይሰፋል፣ የሞተውን ስፖንጅ አውጥቶ አዲስ ይከታል። ጋሽ መርፌ ይሉታል። የሁለቱ ትዳር በመናኸሪያው ሁሉ የታወቀው በአንድ ስሕተት ነው። አንድ ቀን እትዬ ማይክ ማብሪያውን ሳትዘጋ፣ ምሳ ሊያደርስላት የወጣውን ባሏን «አንተ ሰውዬ፣ ያቺን ቀዳዳ ካልሲ ዛሬም አድርገህ መጣህ? የሰው ወንበር ስትሰፋ ትውላለህ፣ የራስህ አውራ ጣት ግን ፀሐይ ይሞቃል!» አለችው። ተሳፋሪ ሁሉ ሰማ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሹፌሮች ሰላምታ ሲሰጡት «ጋሽ መርፌ፣ ካልሲው እንዴት አደረ?» ነው የሚሉት። እሱም ሳይቀየም «ደኅና አድሯል፤ ይመስገን» ይላቸዋል።

ሕመሙ የመጣው በዚህ ሁሉ ደኅንነት መካከል ነው። በግራ ጡቷ አንድ እብጠት አገኘች፤ ተመረመረች፤ ካንሰር ነው ተባለ። ሐኪሞቹ አስቀድመው የካንሰር መድኃኒት በደም ሥር እንድትወስድና ዕጢው ሲዳከም ቀዶ ሕክምናው እንዲከተል ወሰኑ። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ግን የሰውነት ውስጥ ምስል ወደሚነሣበት የኤምአርአይ ክፍል ተላከች።

ምስሉን የምታነበው ሐኪም መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ አጠር ያለች ሴት ነበረች። እትዬ ማይክንና ጋሽ መርፌን አጠገቧ አስቀምጣ የኮምፒውተሩን መስታወት ወደ እነሱ አዞረችላቸው። ግራጫ በግራጫ በሆነ ሥዕል መካከል አንድ ነገር እንደ አምፖል ያበራል።

«ይሄ ነው ዕጢው» አለች። «በክንድዎ የሰጠንዎትን ፈሳሽ ደም ተሸክሞት ይሄዳል። ዕጢ ደግሞ ደም ይወዳል፤ የራሱን የደም ሥር እየዘረጋ ይጠጣል። ስለዚህ ፈሳሹ እዚያ ይሰበሰብና እንዲህ ያበራል።»

«ቤት ሠርቶ መብራት አስገብቷል በሉኛ» አለች እትዬ ማይክ።

ሐኪሟ ሳቀች። «እንዲያ ነው። አሁን መድኃኒቱን ይጀምራሉ። ሁለት ዙር ከወሰዱ በኋላ ደግመን እናነሣዎታለን። መድኃኒቱ ከሠራ ቶሎ የሚቀንሰው የእብጠቱ መጠን ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደክመው ደም መጠጣቱ ነው። በእጅ የማይታወቀውን ምስሉ ቀድሞ ይነግረናል ማለት ነው። ካልሠራ ደግሞ በማይጠቅም መድኃኒት አናንገላታዎትም፤ ወደ ሌላ እንቀይራለን።»

«ሌላው እንዴት ያለ ነው?»

«ይከብዳል» አለች ሐኪሟ፣ አልሸፋፈነችም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጋሽ መርፌ ሲያስብ ቆይቶ «እንግዲህ ትንበያ ነው» አለ። «እኔ ደግሞ ትንበያ አይሆንልኝም። ዝናብ አለ ሲሉ ጃንጥላ ይዤ ስወጣ ፀሐይ ናት የምትጠብቀኝ።»

«ያ ከደመና ነው፤ ይሄ ከገዛ ደሜ ነው» አለችው። «ደሜ አይዋሽም።»

መድኃኒቱ ቀይ ነበር። ፀጉሯን ወሰደ፤ እሱን ብዙም አላዘነችበትም፤ በመስታወቷ ክፍል ውስጥ ማን ያያታል? ከዚያ ግን አፏን አቆሰለው፤ ድምፅዋም እየሻከረ፣ እየሳሳ ሄዶ አንድ ጠዋት «ክቡራን» ብላ «መንገደኞች» የሚለው አልወጣላትም። የስምሪት ሹሙ ራሱ ማይኩን ያዘ። ሰውየው ደግ ነው፤ ግን ሲናገር ድንች አፉ ውስጥ ያለ ይመስላል። ወደ ምሥራቅ የሚሄዱት ምዕራብ በሚሄደው ተሳፍረው ከከተማ ሊወጡ ሲሉ ነው የተመለሱት። ሹፌሮች በጋሽ መርፌ በኩል ሲያልፉ ስለ ካልሲው መጠየቅ ትተው «እትዬስ? መቼ ነው የምትመጣልን?» ማለት ጀመሩ። ያ ለሱ ከቀልዱ ይከብደው ነበር።

እትዬ ማይክ ቤት ዋለች። ጠዋት ጠዋት እብጠቱን በጣቶቿ ትዳስሳለች። ያው ነው። ሁለተኛው ዙር አለፈ፤ አሁንም ያው ነው። አንድ ቀን ባሏ በረንዳ ላይ ወንበር እየሰፋ ሳለ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አልቀነሰም» አለች በዚያች በቀረቻት ድምፅ።

«እጅሽ ሐኪም ነው እንዴ?»

«አንተስ ስፖንጅ የሞተና ያልሞተ መሆኑን በእጅህ አይደል የምታውቀው?»

እሱ ክሩን ሳበ። እሷ ቀጠለች፤ «ስማኝ አንተዬ። ይሄ መድኃኒት ድምፄን ወስዷል። ሥራውን ሠርቶ ከሆነ ይውሰድ፤ ምን አደርገዋለሁ። ምስሉ አልሠራም ካለ ግን ያን የሚከብደውን አልወስድም። በቃኝ። ከአምላኬ ጋር ተነጋግሬያለሁ።»

«እሱስ ምን አለሽ?»

«ገና አልመለሰልኝም።»

ጋሽ መርፌ መርፌውን ጣቱ ላይ ወጋ። ወንበር መስፋት ከጀመረ ወዲህ ጣቱን ሲወጋ አይታው አታውቅም። ደሙን በአፉ ጠርጎ «እንግዲህ እሱ ይመልስ» አለና ሥራውን ቀጠለ፤ ነገር ግን ያን ቀን የሰፋው ስፌት ሁሉ ጠማማ ስለሆነ ማግስቱን ፈትቶ እንደገና ሠራው።

በዚያ ሳምንት የእትዬ ማይክ ጸሎት አጭር ነበር። ሰው ለዓመታት በለመደው አንደበት ይጸልያል። «ጌታ ሆይ» ትል ነበር፣ «ፈቃድህ ይሁን። ብቻ የምትለኝን በግልጽ ንገረኝ፤ እንደ ስምሪት ሹሙ አታጉረምርምብኝ።»

የምስሉ ቀን ደረሰ። ጋሽ መርፌ ውጭ ከሚጠብቁት ጋር ተቀመጠ። እሷን የተቀበላት የማሽኑ ባለሙያ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልድ የሚወድ ልጅ ነው። በደረቷ አስተኛት፤ ፊቷ መሐሉ በተቦረቦረ ማረፊያ ውስጥ ገባ፤ ከወለሉ በቀር የሚታያት የለም። ጆሮዋን በጥጥ መሳይ ነገር ደፈነላት፣ በክንዷ መርፌ አስገባላት፣ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ከጆሮዋ አጠገብ ካለው ድምፅ ማጉያ ቅጭ የሚል ነገር ተሰማ። ያቺን ድምፅ እንዴት አታውቃት! የማብሪያ ድምፅ ናት።

«እናቴ፣ ይሰሙኛል?» ድምፁ ተንኮሻኮሸ።

«ልጄ፣ ማይኩን ዋጥከው እንዴ? ትንሽ አርቀው።»

«እሺ እናቴ፣ ተፋሁት» አለና ሳቀ። «አሁን ይጮሃል፤ አይነቃነቁ።»

ማሽኑ ጮኸ። ማርሹ ያለቀበት አውቶቡስ ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ጩኸት ነው፤ ደግሞ ባለ ሌላ ማርሽ፣ ደግሞ ሌላ። እሷ በጩኸቱ ምት ጸሎቷን ትደግማለች። በግልጽ ንገረኝ። በግልጽ ንገረኝ። በክንዷ በኩል ቀዝቃዛ ነገር ሲገባ ተሰማት፤ ያ የሚያበራው ፈሳሽ ነው። ማሽኑ እንደገና ዳገቱን ጀመረ፤ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ድንገትም ቀጥ አለ።

ጸጥታ ሆነ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ማጉያው ቅጭ አለ፤ ሁለተኛዋ ቅጭታ ግን፣ የመዝጊያዋ፣ አልተከተለችም። ተከፍቶ ቀርቷል። የሚያወራው ለሷ አልነበረም።

«ዶክተር፣ ኧረ ይምጡ! ጠፍቷል!»

«የቱ? ሙሉ በሙሉ?» የሐኪሟ ድምፅ ነው።

«ጭላንጭል ብቻ ነው የቀረው… ጠፍቷል እኮ!»

በተደፈነ ጆሮዋ የገባው ይኸው ነው። መብራት ጠፋ! ስለዚህ ነው ማሽኑ ቀጥ ያለው። ፈሳሹ በከንቱ ገባ፣ ምስሉ አልተነሣም፣ ሌላ ቀጠሮ ይሰጧታል፣ የሚቀጥለው ዙር ቀን ግን ምስል አይጠብቅም። በግልጽ ንገረኝ ስትለው አምላክ መብራቱን አጠፋባት። አልቅሺ አልቅሺ አላት። አይነቃነቁ ስለተባለች ግን ሳትነቃነቅ አለቀሰች፤ እንባዋ በቀዳዳው እየወረደ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

ልጁ መጥቶ ሲያወጣት ክፍሉ በብርሃን ተሞልቶ ነበር። ጄኔሬተር አስነሥተዋል ብላ አሰበች።

«እንደገና መቼ ልምጣ?» አለችው ዓይኗን እየጠረገች።

«እንደገና? ኧረ እናቴ፣ እኔ ምንም ለመናገር አልተፈቀደልኝም፤ ዶክተሯ ይነግሩዎታል። ውጭ ትንሽ ይረፉ።» ፊቱን ለማኮሳተር ቢሞክርም አልኮሳተር አለው። እሷም አፍሮ ነው ብላ አሰበች።

ጋሽ መርፌ ገና ከሩቅ ዓይኗን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ምን ሆንሽ?»

«ጠፋ አሉ።»

«ምኑ?»

«መብራት ነዋ! መሐል ላይ ቀጥ አለ።»

«መብራት?» ጋሽ መርፌ ወደ ላይ ጠቆማት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ስለ ዶሮ እርባታ ያወራል። «ከመጣን ጀምሮ ይሄ ሰውዬ ስለ ዶሮ ሲያወራ አንዴም አላቋረጠም።»

እትዬ ማይክ ቴሌቪዥኑን አየች፤ እንደ ሙያዋ አሰበችና ደረቷ ላይ እጇን አደረገች። «እንግዲያው የጠፋው ፎቶዬ ነው! ፎቶዬን አጠፉት!»

ጋሽ መርፌ የጠፋ ነገር ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ሚስቱ አስተምራዋለች። ቶሎ ካልተፈለገ አይገኝም። በቀጥታ ወደ መዝገብ ክፍሉ መስኮት ሄዶ አንገቱን አስገባ።

«እኅቴ፣ የባለቤቴ ፎቶ ጠፍቷል ተብሏል።»

«ምን ዓይነት ፎቶ ነው አባባ?» አለች ልጅቷ ግራ ገብቷት።

«የጡቷ!» አለ ጋሽ መርፌ፣ በመናኸሪያ ድምፅ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ስለ ዶሮ የሚያወራው ሰውዬ ብቻ ቀጠለ። እትዬ ማይክ መከናነቢያዋን እስከ አፍንጫዋ ጎተተች። አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ባልሽ ነው?» አሏት።

«ዛሬ አይደለም» አለች።

«በዚህ ቤት ማስታወቂያ የሚነገርበት ማይክ የለም?» እያለ ይጠይቃል ጋሽ መርፌ። «የወደቀበት ያየ ካለ…»

በዚህ መሐል ሐኪሟ መነጽሯን እያንጠለጠለች ከውስጥ ወጣች፤ ረጅሙ ልጅም ከኋላዋ። «ምን ጠፍቶ ነው?» አለች።

«ፎቶዋ» አለ ጋሽ መርፌ። «ጠፍቷል ስትሉ በጆሮዋ ሰምታለች።»

«ማን ነው ጠፋ ያለው?»

«ይኸው ልጅ ነው» አለች እትዬ ማይክ በሻከረች ድምፅዋ፣ በጣቷ እያመለከተች። «በማይክ።»

ልጁ እጁን ግንባሩ ላይ መታ። «ማይኩን ሳልዘጋው!»

ሐኪሟ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ከንፈሯን ነከሰች፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ሁለቱንም ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፤ አስቀመጠቻቸው፤ ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን አወጣች። የግራው የድሮው ነው፣ አምፖሉ እንደበራ። በቀኝ ያለው ያው ግራጫ፣ ያው ቅርጽ ነው፤ በአምፖሉ ቦታ ግን አንዲት የደከመች ጭላንጭል ብቻ ቀርታለች።

«ፎቶዎ አልጠፋም፤ ይኸውልዎት» አለች ሐኪሟ። «ጠፍቷል ያልነው መብራቱን ነው።»

እትዬ ማይክ ወደ ባሏ ዞረች። «አላልኩህም? መብራት ነው አላልኩህም?»

«የዕጢውን መብራት» አለች ሐኪሟ።

እትዬ ማይክ ሥዕሉን አየች። ልጁን አየች፤ በሩ ላይ ቆሞ አሁን ራሱን ሳይከለክል ይስቃል። ባሏን አየች፤ እሱ ግን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አፍጥጦ ቀርቷል።

«ታዲያ በእጇ ስትዳስሰው ለምን አልቀነሰም?» አለ በመጨረሻ።

«ቤቱ ገና ስላልፈረሰ ነው። ግድግዳው ቆሟል፤ ግን ማታ ቢያልፉበት መብራት አይታይበትም፤ ነዋሪው እያለቀ ነው። ግድግዳው ቀስ እያለ ይፈርሳል።» ከዚያ ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይሄ ትንበያ ነው፤ መሐላ አይደለም። እንዲህ የዕጢው መብራት ቶሎ የጠፋላቸው ብዙዎቹ በጎ መጨረሻ ያያሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። የቀሩትን ዙሮች መጨረስ አለብን፤ ቀዶ ሕክምናውም አይቀርም።»

«መድኃኒቱ ያው ይሆናል? አይቀየርም?»

«ያው ነው። እየሠራ ያለውን ለምን እንቀይራለን?»

እትዬ ማይክ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ የበለጠ በግልጽ ሊነገራት አይችልም ነበር፤ በማይክ ነው የተነገራት፣ ያውም ተከፍቶ በቀረ ማይክ። ሰሚዋ ግን መልእክቱን ወስዳ የጠፋ ዕቃ አደረገችው! ሳቀች። ድምፅ በሌለው ሳቅ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«እንግዲያው ያን ቀዩን አምጡልኝ» አለች። «ድምፄንም ቢፈልግ ይጨምር።»

ወጥተው በመንገድ ላይ ሲሄዱ ጋሽ መርፌ ድንገት ቆመና «አምላክሽ መለሰልሽ አይደል?» አላት።

«መለሰልኝ።»

«እኔም ትንሽ አናግሬው ነበር» አለ፣ ወደ ሌላ በኩል እያየ።

የቀሩት ዙሮች ቀላል አልነበሩም፤ ቀላል ነበሩ ብሎ መጻፍ ያለፈባቸውን መስደብ ነው። የምትተኛባቸው ቀናት ነበሩ፤ ሾርባ እንኳ ብረት ብረት የሚላት ቀናት ነበሩ። ነገር ግን ሳትጠራጠር ትወስደው ነበር፤ ያ ብቻውን ሌላ ሰው አድርጓታል። አንድ ጠዋት ጣቷ የለመደውን እብጠት ፈልጎ ለማግኘት ተቸገረ። ከዚያ ቀዶ ሕክምናው ተደረገ፤ ትንሽ ነበር፣ ጡቷም አልተቆረጠም። የወጣው ሥጋ በአጉሊ መነጽር ተመረመረና ሕያው የሆነ የካንሰር ሕዋስ አልተገኘበትም ተባለ። ሐኪሟ ይህን ስትነግራት «ትንበያችን ደረሰ» አለቻት። እትዬ ማይክም «ከላይ ተነግሯችሁ ነው» ብላ እጇን ሳመቻት።

ፀጉሯ ሲበቅል ከርዳዳና ብር መሳይ ሆኖ መጣ። ድምፅዋም ተመለሰ፤ ቀድሞ እንደነበረው ሳይሆን ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ትንሽ ሻካራነት ይዞ። ወደ መናኸሪያው የተመለሰችበት ጠዋት የስምሪት ሹሙ ማይኩን ሲያስረክባት ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሰ። ደረጃውን በቀስታ ወጣች፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ አዲስ ስፖንጅ ነበረው፤ ስፌቱም ቀጥ ያለ ነው። ማብሪያዋ ቅጭ አለች።

«ክቡራን መንገደኞች።»

ከታች መናኸሪያው በአንድ ጊዜ ቀና አለ። ሹፌሮች ከመሪያቸው ላይ፣ ተሸካሚዎች ከነሸክማቸው፣ ከኋላ ግድግዳው ሥር ደግሞ አንድ ሰው መርፌውን በአየር ላይ አቁሞ።

«ማስታወቂያ አለን። ከዚህ መናኸሪያ ሠራተኛ ላይ አንድ ነገር ጠፍቷል። መልኩ ክብ፣ ስፋቱ እንደ ለውዝ፣ ያለ ፈቃድ የመጣና መብራት ያስገባ ነበር።» ትንፋሽ ወሰደች። «ያገኘው ሰው እንዳይመልሰው በትሕትና እንጠይቃለን።»

መጀመሪያ አንድ ጥሩምባ ጮኸ፣ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ መናኸሪያው በሙሉ። ምን እንደሆነ የማያውቁ ተሳፋሪዎች እንኳ በመስኮት ብቅ እያሉ አጨበጨቡ። እትዬ ማይክ ጥሩምባው እስኪበርድ ጠበቀች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ወደ ሥራዋም ተመለሰች።

«አንዲት ሰማያዊ ጃንጥላም ተገኝታለች። እሷን ግን ባለቤቷ መጥቶ ይውሰድ።»